የጓደኛዬ መሰንጠቂያና የአባቱ ኒም

ጓደኛዬ መሰንጠቂያውን የገዛው እኔን ሳያማክር ነው። ቢያማክረኝ አይገዛም ነበር፤ ሳያማክረኝ የቀረውም ለዚሁ ነው።

ኮሮና ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አንድ ጠዋት፣ ጅግጅጋ ውስጥ ካለው የእንጨት ሥራ ቤቴ በር ላይ አንድ አይሱዙ ቆመ። ሁለት ረጃጅም የብረት ሐዲዶች፣ በሳጥን የታሸገ ሞተር፣ ሁለት ትልልቅ መዘውሮችና ማንም ስሙን የማያውቀው ብዙ ብረት ወረደ። ጓደኛዬ ከጋቢናው ወርዶ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ቆመ።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"የእንጨት መሰንጠቂያ ነው። ግንዱ ወደ መጋዙ አይሄድም፤ መጋዙ ነው ወደ ግንዱ የሚሄደው" አለ። ይህችን ነገር መንገድ ላይ ሲለማመዳት እንደመጣ ያስታውቃል።

ነገሩ እውነት ነበር። ግንዱን ሐዲዱ መሃል አስተኝተህ ታስረዋለህ። ሞተሩ፣ ሁለቱ መዘውሮችና በእነሱ ላይ እንደ ቀበቶ የሚዞረው ረጅም ምላጭ በአንድ ላይ በሐዲዱ ላይ ይንከባለላሉ፤ አንተ ከኋላ ትገፋለህ፣ ጣውላ ይወጣል። አንድ ጣውላ ከወጣ በኋላ ምላጩን በእጀታ ዝቅ አድርገህ እንደገና ትገፋለህ። ሲወራ ይኸው ነው። ሲሠራ ግን ሁለት ዓመት ፈጅቶብናል።

ስለ እሱ ትንሽ ልናገር። ከድሬዳዋ ማዶ ካለችው ከኤረር ኮብልሎ ጅግጅጋ ሲገባ የተከራየው እናቴ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ነበር። ጅግጅጋ አያቴ በወታደርነት መጥቶ የቀረባት ከተማ ናት፤ እኔ ሶማልኛን ከነስድቡ የተማርኩት እዚሁ ሰፈር ሲሆን እሱ ደግሞ አማርኛን ከእናቴ ተማረ፣ ስድቡን ጨምሮ። ከተማዋ ታምሳ ሱቅ በተዘረፈበት በዚያ ነሐሴ መሣሪያዎቼን በሙሉ ያሸሸሁት እሱ ጋ ነው። ከዚያ ወዲህ በእኔና በእሱ መካከል የማን ነው የሚባል ዕቃ የለም። መሰንጠቂያውንም በእኔ በር ላይ ሲያወርደው የጠየቀኝ ነገር የለም።

አባቱ ኤረር ውስጥ ማዓሊን ናቸው፤ ሕፃናትን ቁርአን የሚያስተምሩ መምህር ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ዱግሲ ይባላል። ልጆቹ ደብተር የላቸውም፤ ሎህ በሚባል እጀታ ባለው ጣውላ ላይ ከከሰልና ከሙጫ በተበጠበጠ ቀለም ይጽፋሉ፣ በቃላቸው ሲይዙት ያጥቡታል፣ ሌላ ይጽፉበታል። ጓደኛዬ የዚያው ዱግሲ ተማሪ ነበር። የማዓሊኑ የመጀመሪያ ልጅ ስለሆነ ቁርአኑን ጨርሶ የአባቱን ቦታ ይይዛል ተብሎ ይጠበቅ ነበር። እሱ ግን አንድ ቀን ሎሁን አጥቦ፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ፣ በጭነት መኪና ድሬዳዋ ገባ፣ ከዚያም ጅግጅጋ።

አባቱ አልረገሙትም። በዓል ሲደርስ ይሄዳል፣ እጃቸውን ይስማል፣ ስለ ዝናብና ስለ ግመል ያወራሉ። ለሥራው ግን ዱዓ አድርገውለት አያውቁም። የመኪና ረዳት ሲሆን ዝም፣ ሞባይል ጥገና ሲከፍት ዝም። ኤረር ውስጥ ፍየል የገዛ ሰው እንኳ ማዓሊኑን ሳያስመርቅ አያድርም። የገዛ ልጃቸው ሱቅ ግን ሳይመረቅ ተከፈተ፣ ሳይመረቅ ተዘጋ። ጓደኛዬ ይህን ሁሉ እየሳቀ ነው የሚያወራው። እኔ ግን አውቀዋለሁ። መሰንጠቂያውን ባወረደ ቀን መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ ቤንዚን ወይም ስለ ምላጭ አልነበረም።

"አቦ ምን ይሉ ይሆን?" ነው ያለኝ። አቦ የሚለው አባቱን ነው።

ማኑዋሉ በቻይንኛና በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛውን የጻፈው ቻይንኛውን የጻፈው ሰው ይመስለኛል። ደግነቱ ሥዕል አለው። በየገጹ ጆሮውን የሸፈነ፣ መነጽር ያደረገና ያለምክንያት ፈገግ ያለ ሰውዬ አለ። በሠራን ቁጥር ያ ሰውዬ ምን እንደሚያስቀው ለማወቅ ሞክሬ ነበር።

መጀመሪያ የተማርነው ሐዲዱ በውሃ ልክ መቀመጥ እንዳለበት ነው። ጓደኛዬ ጅግጅጋ ሜዳ ላይ ስለሆነች ውሃ ልክ አያስፈልግም አለ። ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ጣውላችን በአንድ ጫፉ ጣት፣ በሌላው ጫፉ ክንድ የሚያህል ሆኖ ወጣ። ቀጥሎ የተማርነው የምላጩን ውጥረት ነው። ምላጩ ከላላ ጣውላው እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ይሞገዳል። አንድ ደንበኛ አገላብጦ አየውና ለጣሪያ ከሆነ ዝናብ አያሳልፍም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ከልቡ ነበር የጠየቀው። እኔም አያሳልፍም አልኩት።

ምላጩን ሥራ ላይ ማጥበቅ፣ ሥራ ሲያልቅ ማላላት ያስፈልጋል። ተወጥሮ ካደረ ይሰነጠቃል። ጓደኛዬ ማጥበቁን አይረሳም፣ ማላላቱን ይረሳል፤ እንዲህ አድርጎ ሁለት ምላጭ ጨረሰ። ሦስተኛው ላይ ደሜ ፈልቶ አንድ ሁለት ቃል ተናገርኩ፤ ከእናቴ የተማረውን መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ማላላቱ የእኔ ሥራ ሆነ።

የጅግጅጋ ነፋስ ደግሞ የአየር ማጣሪያውን በአቧራ ይደፍነዋል። ማኑዋሉ ማጣሪያው በየወሩ ይጽዳ ይላል፤ የጻፈው ሰው የካቲት ላይ እዚህ አልነበረም፤ እኛ በየጠዋቱ ነው የምናራግፈው። ቤንዚን ከማደያ ሲጠፋ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ ይገዛል። ከመንገድ ዳር የተገዛ ቤንዚን ሲቀመጥ ከሥሩ ውሃ ያወጣል፤ እያስቀመጥን፣ በጨርቅ እያጠለልን መጠቀም ለመድን። ዘይት ሳይታይ ሞተር አይነሳም። ምላጩ እንዳይግል ከላይ ካለች ጄሪካን ሳሙና ያለበት ውሃ ይንጠባጠብበታል። ቀስ በቀስ ቀጥ ያለ ጣውላ ማውጣት ጀመርን። ቀብሪበያ ድረስ ሄደን ለከብት መኪኖች ስፖንዳ፣ የጎን መከለያ ጣውላ፣ ሰነጠቅን። ከብት ነጋዴዎቹ ጣውላውን የሚፈትኑት በእግራቸው ረግጠው ነው፤ ካልተሰበረ ዝም ብለው ይከፍላሉ። በጣም ደስ የሚሉ ደንበኞች ናቸው።

ኮሮና አልፎ ሰው መጨባበጥ በጀመረበት ጊዜ ከኤረር ስልክ ተደወለ። ማዓሊኑ ራሳቸው ናቸው። እሳቸው ለልጃቸው ደውለው አያውቁም፤ እሱ ነው የሚደውለው። ስለዚህ ጓደኛዬ ስልኩን አይቶ ሰው የሞተ መስሎት ተቀመጠ።

የሞተ ሰው የለም፤ የወደቀ ዛፍ እንጂ። ከዱግሲው በላይ ጥላ ሆኖ የኖረው ትልቁ ኒም በነፋስ ተነቅሎ ወድቋል። ሶማሌዎቹ የህንድ ዛፍ የሚሉት ነው። ማዓሊኑ ልጃቸውን የጠየቁት ይህ ነው፤ ያ ሰዎች የሚያወሩለት ማሽንህ ከዚህ ዛፍ ለልጆቼ ሎህ ማውጣት ይችላል ወይ።

የጠየቁበት ምክንያት ነበራቸው። ሎሆቻቸው አርጅተው ተሰነጣጥቀዋል፤ የቀሩትን ምስጥ ጀምሯቸዋል። ገበያው አጠገብ ደግሞ ቆርቆሮ የለበሰ፣ ነጭ ሰሌዳና ማርከር ያለው አዲስ ዱግሲ ተከፍቶ ልጆቹ አንድ በአንድ ወደዚያ እየሄዱ ነው። አዲሱ ዱግሲ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ሰሌዳው ያምራል። ማዓሊኑ ግን ሰሌዳ የጋራ ነው ባይ ናቸው። ልጅ የራሱን ሎህ በጭኑ ላይ አድርጎ፣ በራሱ እጅ ጽፎ፣ በራሱ እጅ ካላጠበ ቃሉ ውስጡ አይገባም ይላሉ።

ጓደኛዬ ስልኩን ሲዘጋ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። "ማሽኑን ጠየቁኝ። ስሙን ጠርተው ጠየቁኝ" አለ። አባቱ በዚህ ዕድሜው ከእሱ ሥራ አንድ ነገር ሲፈልጉ የመጀመሪያቸው ነው። ሎሆቹ ካማሩ ዱዓው እንደማይቀርለት እሱም ገባው፣ እኔም ገባኝ። ያን ዕለት ማታ ምላጩን ራሱ አላላ።

ማሽኑን ፈታትተን አይሱዙ ላይ ጭነን በሐረር አድርገን፣ ድሬዳዋ አድረን፣ ኤረር ገባን። ማዓሊኑ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሰው ናቸው። ሰላም አሉን፣ ሻይ አስመጡልን፣ ስለ መንገዱ ጠየቁን። ወደ ማሽኑ ግን ዞር ብለው አላዩም። እንግዳ ሆኖ የመጣ የሩቅ ዘመድ እንኳ ከዚያ የተሻለ ይታያል።

በማግስቱ ሐዲዱን በውሃ ልክ አስቀምጠን፣ ግንዱን አስረን፣ ጄሪካኗን ስንሰቅል መጡ።

"ይህ ውሃ ምንድን ነው?" አሉ በሶማልኛ። ንግግራችን በሙሉ በሶማልኛ ነው፤ እዚህ በአማርኛ ማስቀመጤ ለአንባቢ ብዬ ነው።

"ሳሙና ያለበት ውሃ ነው አዴር፤ ምላጩ እንዳይግል ነው" አልኩ። አዴር አጎቴ እንደማለት ነው፤ በዕድሜ የሚበልጥህን ሰው እንዲያ ነው የምትጠራው።

"ሳሙናው ከምን ይሠራል?"

ከጓደኛዬ ጋር ተያየን።

"ስብ አይገባበትም?" አሉ። "ከገባበትስ የምን ስብ ነው? ቃሉ የሚጻፍበት እንጨት ነው እኮ።"

የሳሙናውን ልባስ አንስተን ፊትና ጀርባውን አነበብን። መዓዛው የሎሚ ነው ከማለት በቀር የተናዘዘው ነገር የለም። ሳሙናውን ደፍተን ጄሪካኗን አጥበን ንጹሕ ውሃ ሞላን። ጓደኛዬ ዉዱ አድርጎ፣ ለሶላት እንደሚታጠበው ታጥቦ፣ ተመለሰ። እኔም ባይመለከተኝም እጄንና ፊቴን ታጠብኩ፤ ማዓሊኑ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። በሥዕሉ ላይ ያለው ሰውዬ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞት አያውቅም።

ጓደኛዬ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት አንድ ነገር በትክክል ጠየቀ። "አቦ፣ ግንዱ ውስጥ ብረት የለም?"

"የለም" አሉ።

እውነታቸውን ነበር፤ ከላይ ለሚያየው ምንም የለም። የመጀመሪያው ቅርፊት ተገፈፈ፣ ሁለተኛው ጣውላ ወጣ፤ ቀላ ያለ፣ የሚያምር እንጨት። ሦስተኛው መሃል ላይ ማሽኑ ጮኸ። ሞተሩን አጥፍተን ምላጩን ስንስበው ጥርሶቹ በአንድ በኩል ረግፈዋል። እንጨቱ ውስጥ፣ ዙሪያውን ያጠቆረ ወፍራም ምስማር ተቀብሯል። ዛፉ ዓመት በዓመት እየወፈረ ውጦታል።

ጓደኛዬ ከግንዱ እግር ጀምሮ እስከ ምስማሩ በክንዱ ለካ። ተነስቶ ቆመና በራሱ ቁመት ላይ እጁን አድርጎ አሰበ።

"ይሄንን ምስማር አውቀዋለሁ። የአለንጋው መስቀያ ነው" አለ።

ማዓሊኑ ጠጋ ብለው አጎንብሰው አዩት። "ጠፍቶብኝ ነበር" አሉ።

ምስማሩን በመሮ አስለቅቀን ሰጠናቸው። ኪሳቸው ከተቱት። ምላጩን ቀይረን ቀጠልን፤ ከዚያ በኋላ በየቦታው ከመሰንጠቃችን በፊት ግንዱን በመዶሻ እያንኳኳን በጆሮ ፈተሽን። እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ማኑዋሉም ጽፎት ነበር፤ ከገጾቹ አንዱ ላይ ሰውዬው ፈገግ አላለም።

ቀኑን ሙሉ ስንሰነጥቅ ብናኙ ጉሮሯችን ገባ። ውሃ በጠጣን ቁጥር ይመርረናል። ኤረር ፍል ውሃ ያለበት አገር ስለሆነ የመጠጥ ውሃውም ትንሽ ሳይመር አይቀርም አልኩ። ጓደኛዬ እዚሁ አገር ተወልዶ፣ እዚሁ ውሃ ጠጥቶ ያደገ ሰው ነው። "አዎ፣ ውሃው ነው" አለ። እስከ ዛሬ ከማሽኑ ስህተት ሁሉ ይልቅ የሚያበሳጨኝ ይህች መልሱ ናት።

እርጥብ ጣውላ ለሎህ አይሆንም፤ ይጠመዝዛል፣ ይሰነጠቃል። ጫፎቹን ቀለም ቀባን፣ በየጣውላው መካከል ስስ እንጨት እያስገባን ደረደርን፣ ከላዩ ድንጋይ ጭነን ጥላ ውስጥ አስቀመጥነው። በጥንቃቄ ማድረቁ ከመሰንጠቁ ይረዝማል አልኳቸው። ማዓሊኑ ሰሙኝ። ከዚያ በኋላ ግን በየጁምዓው ጅግጅጋ እየደወሉ "ደረቀ ወይ?" ይሉኛል።

"አዴር፣ እንጨቱ ያለው እርስዎ ጋ ነው" እላቸዋለሁ።

"እሱማ እኔ ጋ ነው። ደረቀ ወይ?"

ወራት ካለፉ በኋላ ተመልሰን አንድ ሳምንት ሰነበትን። ጣውላዎቹ ቀጥ ብለው ደርቀዋል። እያንዳንዱን ላግን፣ አለዘብን፣ እጀታ አወጣንለት። በዚህ ሙያዬ ብዙ ቁም ሣጥን፣ ብዙ አልጋ ሠርቻለሁ፤ እንደነዚያ ሎሆች የረካሁበት ሥራ ግን የለም። ጓደኛዬ አንዱን ወስዶ ለአባቱ ሰጠ። አገላበጡት፣ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ለብርሃን አንስተው ቀጥ ማለቱን አዩ። እሱ አጠገባቸው ቆሞ ይጠብቃል።

"ልጆቹ ይጻፉበትና እናያለን" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ልጆቹ ጻፉ። ሸራ ከተወጠረበት ጥላ ሥር ተደርድረው፣ እየተወዛወዙ ጮክ ብለው አነበቡ። ወሬው ተሰምቶ ወደ አዲሱ ዱግሲ ሄደው የነበሩ ጥቂቶችም ተመልሰው ነበር። ማዓሊኑ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄዱ ያርማሉ፤ ጀርባቸው ቀና ብሎ ነበር። ጓደኛዬ ከአጥሩ ጋር ተደግፎ ያያል። እንደዚያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ትምህርቱን የያዘ ልጅ ሎሁን ያጥባል። ቃሉ የታጠበበት ውሃ ደግሞ እግር በሚረግጠው መሬት ላይ አይደፋም። በሳህን ይጠራቀማል፤ ለበረከት ይጠጣል። ይህን እኔ ጎረቤት ሆኜ የማውቀው ነገር ነው። ጓደኛዬ ጠጥቶት ያደገው ነገር ነው። ማዓሊኑ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ያጠጡት ነገር ነው።

የመጀመሪያው ልጅ ጥሩ አድርጎ ተጎነጨ። ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። ከዚያ፣ አለንጋውን እያየ፣ ዋጠው። ሁለተኛው አልዋጠም።

ማዓሊኑ መጀመሪያ የጠረጠሩት ቀለሙን ነው፤ ማን እንደበጠበጠው ጠየቁ። ራሳቸው ነበሩ የበጠበጡት። ሳህኑን አንስተው ቀመሱ። ደግመው ቀመሱ።

"ኒም ነው" አሉ።

ኒም ነው። ቅጠሉ መራራ፣ ቅርፊቱ መራራ፣ እንጨቱም መራራ። ኤረር ውስጥ በሕፃንነቱ ለወባ ኒም ያልተጋተ ሰው የለም፤ በቀንበጡ ጥርሱን የማይፍቅ የለም። እሳቸው ያውቁ ነበር፣ ልጃቸው ያውቅ ነበር፣ እኔም አውቅ ነበር። ሳሙናውን መርምረናል፣ ምስማሩን አውጥተናል፣ ወራት ሙሉ አድርቀናል። የሎሁ እጣቢ የሚጠጣ መሆኑን ብቻ ከሦስታችን አንዳችንም አላሰብንም።

ሎሆቹን ደጋግመን በውሃ ዘፈዘፍን። ምሬቱ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ተናገሩ፤ በሁለተኛው ቀን የመጡት ግማሾቹ ናቸው፣ በሦስተኛው ከግማሾቹም ግማሾቹ። በምትኩ ሌላ ሰው መምጣት ጀመረ። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘው ልጇን አጠጥታው ላብ በላብ ሆኖ ተሽሎት ነበር። ቃሉ ነው ያለ አለ፣ ኒሙ ነው ያለ አለ፤ ሁለቱም ወገን ግን ጄሪካን ይዞ መጣ። ራቅ ካለችው ከአፍደም ሳይቀር ጠርሙስ የላከ ሰው ነበር። ማዓሊኑ ባዶውን ምንጣፍና የጄሪካኑን ሰልፍ አፈራርቀው እያዩ ተቀመጡ።

"እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ልጆች ነበር የፈለግሁት" አሉ። ማንንም አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

ያን ከሰዓት ጓደኛዬ ማሽኑን እሸጣለሁ አለኝ። ማሽኑ ጅግጅጋ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ ምንም አላጠፋም። እንጨቱን የመረጡት አባትህ ናቸው፣ ቀጥ አድርገህ የሰነጠቅከው አንተ ነህ፣ ከሌላ እንጨት ሌላ እንሠራለን፣ ምን ሆነሃል አልኩት። ብዙ ነገር አልኩት። እሱ ከእናቴ የተማረውን እንኳ አልመለሰልኝም።

"ለአቦ በሕይወቴ አንድ ነገር ሠራሁላቸው። እሱም የሚተፋ ሆነ" አለ።

አዘንኩለት፤ ከወንድም በላይ ነው የማዝንለት።

በማግስቱ ማለዳ ከመሄዳችን በፊት ልንሰናበታቸው ገባን። ማዓሊኑ ከሸራው ሥር ብቻቸውን ነበሩ፤ ልጆቹ ገና አልመጡም ወይም አይመጡም። ሎሆቹ ከጎናቸው ተደርድረዋል፤ የቀለሙ ብልቃጥና ብዕሩ ፊታቸው ነው። ጓደኛዬ ጎንበስ ብሎ እጃቸውን ሳመ።

"ተቀመጥ" አሉት።

ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ፂሙ ሸብቷል፤ እግሩን አጥፎ ለመቀመጥ ጉልበቱን በእጁ አገዘው። ማዓሊኑ አንድ ሎህ አነሱ፤ ምንም ሳይጠይቁ፣ ምንም ሳያስቡ መጻፍ ጀመሩ። ሦስት መስመር ጽፈው አቀበሉት።

ጓደኛዬ ሎሁን ጭኑ ላይ አድርጎ አየ። ለረጅም ጊዜ አየ። እኔ ዐረብኛውን አላነብም፤ ያነበብኩት የእሱን ፊት ነው። ኋላ ነው የነገረኝ። ሦስቱ መስመሮች፣ ወደ ድሬዳዋ በኮበለለ ቀን ካጠበው ሎህ ላይ ከነበረው ቀጥሎ የሚመጡት ናቸው። ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እሱ ራሱ የት ላይ እንዳቆመ ረስቶት ነበር።

ማንበብ ጀመረ። የመጀመሪያውን መስመር ሳይጨርስ ቆመ። ማዓሊኑ የቆመበትን ቃል አቀበሉት። እንደገና ቀጠለ። ሲሳሳት ያርሙታል፣ ሲያርሙት ይደግማል። እኔ ከአጥሩ በር አጠገብ ቆሜ ሊወስደን የመጣው ሾፌር ጥሩምባውን ሲነፋ በእጄ ቆይ አልኩት።

ሲጨርስ ሎሁን ሳህኑ ላይ አጠበ። ሳህኑን አነሳና፣ ሳያቆም፣ ፊቱን ሳይቋጥር፣ እስከ መጨረሻው ጠጣ። ማዓሊኑ አዩት።

"ይመራል" አሉ።

"ይመራል አቦ።"

ሎሁን ከእጁ ተቀብለው እንደመጀመሪያው ቀን ለብርሃን አነሱት፤ በአንድ ዓይናቸው ጠርዙን ከዳር እስከ ዳር ተከተሉት።

"ቀጥ ብሎ ነው የተሰነጠቀው" አሉ፤ መለሱለትም። "ይዘኸው ሂድ። ነገ ከሱብሂ ሶላት በኋላ እደውልልሃለሁ።"

ከልጆቹ ጥቂቶቹ ከጊዜ ብዛት ተመለሱ፤ ሎሆቹም በመታጠብ ብዛት ምሬታቸው ቀነሰ ይባላል። እኛ ዛሬም ጅግጅጋና በየወረዳው እንሰነጥቃለን። ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት የሚደረጉ ነገሮች አሉ። ዘይት ይታያል፣ ማጣሪያ ይራገፋል፣ ሐዲዱ በውሃ ልክ ይለካል፣ ምላጩ ይጠበቃል። ከዚያ ስልኩ ይጠራል። ጓደኛዬ ግንዱ ላይ ይቀመጥና የያዘውን ያሰማል፤ አባቱ ያርሙታል። ደንበኛ ቢቆጣ እኔ አወራዋለሁ፤ እሳቸው ሳይጨርሱ ሞተሩ አይነሳም። በመጨረሻ ድምፅ ማጉያውን ይከፍተዋል፤ እኔም እንድሰማው ነው።

"አላህ አንተንም ጓደኛህንም ይጠብቅ። መጋዝህንም ይባርክልህ" ይላሉ ማዓሊኑ።

"አሚን አቦ" ይላል፤ ተነስቶም ሞተሩን ያስነሳል።